ሮዝ ሆኖ የታየን ሸሚዝ

የያዙኝ ከሾላ ገበያ ሽንኩርት ገዝቼ ስመለስ ነው። ትምህርት ቤት ወረቀት በትነሻል ተባልኩ። ከአትላስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኝ የእስረኞች ግቢ ውስጥ፣ የሴቶቹ ክፍል ከነፌስታሌ ሲያስገቡኝ አንዷ፣ «እሰይ! ወጥ የምትሠራልን መጣች» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔ አለቀስኩ።

ክፍሉ አንድ መስኮት ነበረው። ጥቁር ብረቶች ቀጥ ብለው ቆመውበታል፤ ከኋላቸው አረንጓዴ የተቀባ የቆርቆሮ አጥር አለ። ሌላ የሚታይ ነገር ስላልነበረ ቀኑን ሙሉ እሱኑ ስናይ እንውላለን።

እትዬ የምንላቸው ሴት አብረውን ነበሩ፤ ባላቸው በወንዶቹ በኩል ታስረዋል። አንድ ቀን ጠባቂው የባላቸውን ሸሚዝ እንዲያጥቡ አመጣላቸው። ነጭ ነው፣ ጥቁር መስመሮች ከላይ ወደ ታች የወረዱበት። ወደ ብርሃኑ ዘርግተው አዩትና ወደ እኛ አዞሩት።

«ቀይ ነገር አይታያችሁም? ደም ነው። አጥበው ነው የሰጡኝ።»

አየን። እውነትም በመስመሮቹ መሃል ያለው ነጭ ሮዝ ብሏል። 

ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ የምትማር ልጅ አብራን ነበረች። ሸሚዙን ተቀብላ አጋደመችው፤ መስመሮቹ ሲተኙ ሮዙ ጠፋ። አቆመችው፤ ተመለሰ።

«እትዬ፣ ደም ሲያጋድሙት ይጠፋል እንዴ? ዓይናችን ነው። በዚያ መስኮት ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ባየ ቁጥር አረንጓዴም አብሮ ስለሚያይ ሁለቱን አቆራኝቷቸዋል። መስመሩን ብቻውን ሲያገኘው አረንጓዴው ያለ መስሎት ሊቀንሰው ይሞክራል፤ አረንጓዴ ሲጎድልበት ነጩ ሮዝ ይሆናል።»

«ደክሞት ቢሆንስ?» አልኩ፤ ባዮሎጂ ላይ ጎበዝ ነኝ።

«ድካም ከሆነ ሲተኙበት ይለቃል። ነገ እናያለን።»

በማግስቱም ሮዝ ነበር። «አየሽ፣ ተምሯል» አለችኝ። «ዳቦ ሊሰጡን ቢመጡም እንኳ የቁልፍ ድምፅ ስንሰማ ወደ ግድግዳው እንደምንሸሸው ማለት ነው።» ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «በርግጥ መምህራኖቻችንም ይጨቃጨቁበታል። መማር አይደለም፣ ዓይን ራሱን ሲያስተካክል ነው የሚሉ አሉ» አለች።

እትዬ ግን የእኛ ክርክር ምናቸውም አልነበረም። እህል አልቀምስም ብለው ተቀምጠዋል። ያን ዕለት ከጎሮ የመጣች አዲስ እስረኛ ገባች። ገና ሻርፗን ሳታወልቅ ሸሚዙን ደቀንንባት።

«ቀለሙ ምንድን ነው? ቶሎ በይ!»

«ነጭ ነዋ! ምን ሆናችኋል? አብዳችኋል እንዴ?»

ጮኸን አቀፍናት። እትዬ ግን ወደ ተማሪዋ ዞሩ። «ታዲያ እሱ ደህና ነው ማለት ነው?»

ዋሽታ አዎ ልትል ትችል ነበር።

«ሸሚዙ ንጹሕ ነው» አለች። «ስለ እሳቸው ግን ምንም አላውቅም፣ እትዬ።»

እትዬ ንጹሑን ሸሚዝ ከመጠጥ ውሃቸው ቀንሰው አጠቡት። ሲደርቅ በመዳፋቸው እየዳመጡ አጣጥፈው ላኩት። ብዙም ሳይቆይ ጠባቂው ይዞት ተመለሰ።

«ሰውዬው እዚህ የሉም። ይውሰዱት።»

ለእኔ የታጠፈ ሸሚዝ ነበር። እትዬ ግን በደርግ ጊዜ ወንድማቸው ታስሮ ልብሱ ብቻ ስለተመለሰላቸው፣ ከእስር ቤት ልብስ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

«አልቀበልም፣ ልጄ። የሰው ዕቃ ነው። ባለቤቱ ያለበት አድርስልኝ።»

«ማዘር፣ እኔ ምን ላድርግ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። እኔ አልቀበልም።»

ጠባቂው ሸሚዙን መልሶ ታቀፈ። ከዚያ ይዞት ወጣ።

እኔን ብዙ ሳይቆዩ ፈቱኝ። ቤት ስገባ የእናቴ ነጭ፣ ባለ ጥቁር መስመር መጋረጃ ሮዝ ሆኖ ጠበቀኝ። ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። ቀስ እያለ ፈዘዘ፤ ባለፈው ሳምንት ነጭ ሆነ። እናቴ፣ «ተመስገን፣ ዓይንሽ ዳነ» ብላ ሳመችኝ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። የጎሮዋም ልጅ ያን አጥር ስታይ ስለምትውል እስካሁን እንደ እነሱ ሮዝ ማየት ሳትጀምር አትቀርም። ያ ሸሚዝ ዛሬ ተመልሶ ቢመጣ፣ ነጭ ነው ብላ ለእትዬ የምትነግር ሌላ አዲስ ልጅ መታሰር አለባት። እንዴት ብዬ ትምጣላቸው እላለሁ?