ለናፍጣ ብዬ የገዛሁት የውሃ በርሜል

የኤርትራ ነጻነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ የባሕር ዛጎል ልገዛ ከአስመራ ተነሥቼ ከምጽዋ በጀልባ አንድ ቀን ወደምትርቅ ደሴት ሄድኩ። ጀልባው አድርሶኝ ይመለስና በስምንተኛው ቀን መጥቶ ይወስደኛል። ደሴቲቱ ላይ ሱቅ የለም፣ ሆቴል የለም። ስለዚህ የስምንት ቀን ስንቄን፣ ከሁሉም በፊት ውሃዬን፣ ይዤ መሄድ ነበረብኝ።

መደበር፣ የአስመራ ገበያ፣ ሰኞ ጧት

ሽሮ፣ በርበሬ፣ ስኳር፣ ሻሂ፣ ከሰልና ሁለት ብርድ ልብስ ገዛሁ። አዎ፣ ብርድ ልብስ! አስመራ ደጋ ላይ፣ ገዛ ባንዳ ሰፈር የሚኖር ሰው ሲኦልም ጧት ጧት የሚበርድ ይመስለዋል። ከዚያ አሮጌ ብረትና በርሜል ወደሚያድሱት ቀጥቃጮች ሄጄ ክዳኑ ጥብቅ የሚል በርሜል መረጥኩ።

«ለምን ልታደርገው ነው ሓወይ?» አለኝ ቀጥቃጩ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው።

ስነግድ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የምገዛውን ዕቃ ለምን እንደምፈልገው ለሻጭ ነግሬ አላውቅም። ችግርህን ካወቀ ዋጋው ሽቅብ ይወጣል።

«ለናፍጣ» አልኩት።

«ለናፍጣማ ከዚህ የተሻለ የለም።»

በሠላሳ አምስት ብር ወሰድኩት። መደበር ውስጥ ሁሉ ነገር የተቃጠለ ዘይት ስለሚሸት አፍንጫዬ ምንም አልነገረኝም።

ምጽዋ፣ ማክሰኞ

ወደ ቆላው ስንወርድ ከጊንዳዕ በታች ኮቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ። ወደብ ላይ በርሜሉን ከቧንቧ ሞላሁ።

«ውሃህ ይበቃሃል?» አለኝ ባለጀልባው ኢድሪስ።

«ለአንተም ይተርፋል።»

«ብርድ ልብሱስ ለማነው? ለዓሦቹ?»

ጀልባውም ሞተሩ ናፍጣ ያንጠባጥብ ስለነበር፣ መንገዱን ሙሉ የሚሸተው እሱ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

ደሴቲቱ፣ ረቡዕ

ኢድሪስ ዕቃዬን ከሌላ ጭነት ጋር አውርዶልኝ ሄደ። ያረፍኩት ዐሚ ዐሊ ከሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅና ከሚስታቸው ከፋጥማ ቤት ነው፤ ቤቱ የድንጋይ ካብ ላይ ሰሌን የተጣለበት ነው። ሻሂ ላፈላ በርሜሉን ከፈትኩ። በዚያ ንጹሕ አየር ሽታው ፊቴን በጥፊ መታኝ። ውሃው ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ይንሳፈፋል። በጣቴ ቀመስኩት፤ ናፍጣ ነው። ዞር ብዬ ባሕሩን አየሁ፤ ጀልባው ነጥብ ሆኗል። አሸዋው ላይ ዘፍ አልኩ።

ዐሚ ዐሊ መጥተው አሸተቱ። «የውሃ በርሜል እኮ መጀመሪያ የቆየው ናፍጣ እንዲወጣ ውስጡ በእሳት ይቃጠላል። አልነገሩህም?»

«ለናፍጣ ነው ብዬ ነው የገዛሁት።»

«ለምን?»

ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። «አስመራ ያሉ ብልሆች ሁሉ እንዲህ ናቸው?» አሉና እጄን ይዘው አስነሡኝ። «አይዞህ፣ ውሃ ሞልቷል።»

ከዚያ በኋላ ፋጥማ በየጧቱ አንድ ማሰሮ ውሃ ታመጣልኝ ነበር። እኔም ሞልቷል ስለተባልኩ ሻሂ በቀን ሦስት ጊዜ አፈላሁ። ዛጎሌንም ሁለት ጆንያ ገዛሁ።

የመልስ ጉዞ

በስምንተኛው ቀን ኢድሪስ አራት ጀሪካን ውሃ አውርዶ እኔን ጫነኝ።

«ውሃውን ለማን ነው ያወረድከው?» አልኩት ከዳር ከራቅን በኋላ።

«ለእነ ዐሚ ዐሊ ነዋ። ጉድጓዳቸው ከደረቀ ሁለት ወር አልፎታል። በየሳምንቱ እኔ ነኝ የማመጣላቸው፤ ለሁለት ሰው እንኳ ተለክቶ ነው የሚደርሰው። የፋጥማን ከንፈር አላየኸውም? ተሰነጣጥቋል።»

አይቼው ነበር። ከጨው ነው ብዬ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ቢነግሩህ ትጠጣ ነበር?»

 ለመውሰድ የሚደብቅ ሰው ከሩቅ አውቃለሁ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ለመስጠት የሚደብቅ ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ከሁለት ሰዎች ጋር ስምንት ቀን አብሬ በልቼ አላወቅኋቸውም።

ቤቴ ገብቼ የበርሜሉን ነገር ለሚስቴ አወራሁላት፤ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አንዱን ግን ከአፌ ማውጣት አቃተኝ፣ እዚህ ልጻፈው፦ በመጨረሻው ጧት፣ ጀልባው ላይ በንጽሕና ልውጣ ብዬ በማሰሮው ውሃ እግሬን ታጥቤያለሁ፤ ጎንበስ ብላ ውሃውን ያፈሰሰችልኝ ፋጥማ ናት።