የግራ ታኬታው

የበረኛ ዕጣ እንዲህ ነው፦ ያዳነውን ሁሉ ሰው ይረሳለታል፣ የገባበትን ግን ሽበት ካወጣ በኋላም ያነሱበታል። በዚያ የውድድር ዘመን ስንቱን ኳስ ከአጥቂ እግር ላይ እንደነጠቅኩ ዛሬ የሚያስታውስ የለም። ጓደኞቼ ሲያገኙኝ የሚያነሱት አንዲት ጎል ብቻ ነው። ደግነቱ እኔም ከሁሉ አስበልጬ የምወዳት እሷን ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ እንማር ነበር። ሜዳችን አሸዋና ጠጠር ስለነበረ የጉልበቴ ጠባሳ እስካሁን አልጠፋም። አሰልጣኛችን የወርክሾፕ መምህራችን ነበሩ፤ ከደጋ የመጡ፣ ሙቀቱን ያልለመዱ፣ እርጥብ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው የሚጮኹ ሰው። ሜዳ ውስጥ አንዱን በኦሮምኛ "ኮቱ!"፣ ሌላውን በሶማልኛ "ካላይ!"፣ ሦስተኛውን "ና!" እያልን ስንጠራራ ግራ ይገባቸውና "እናንተን ለማሰልጠን አስተርጓሚ ልቅጠር እንዴ?" ይሉን ነበር።

የግራ ክንፋችን ጓደኛዬ ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። እናቱ ሶማሌ ናት፤ ቀፊራ ገበያ የግመል ወተት ትሸጣለች። የግቢው ልጆች ሁላችንም በእሷ ቋንቋ "ሆዮ" ነበር የምንላት፣ እናት ማለት ነው። አንቱታውን ለመምህራችን ትተን እሷን አንቺ እንላታለን፤ ድሬ ላይ ፍቅር እንዲህ ነው።

ይህ ጓደኛዬ አንድ አመል ነበረው። ኳስ የለመደው ውኃ በሌለበት ወንዝ አሸዋ ላይ፣ በባዶ እግሩ ነው። ጫማ ካደረገ በኋላም ቅጣት ምት ሲያገኝ መሬት ላይ ቁጭ ይልና የግራ ታኬታውን ይፈታል። ከዚያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ታኬታውን ወደ ጎን ይዘረጋል። አምበላችን መጥቶ ይቀበለዋል። አርቢትሮች መጀመሪያ ይከራከሩት ነበር፣ በኋላ ሰለቻቸው። ሆዮ ግን አልሰለቻትም። "ጫማ የገዛሁልህ ለጌጥ ነው? እግርህን መስታወት ይብላውና ታርፋለህ!" እያለች የወተት ቆርቆሮዋን ስታጥብ ስድቧ ከግቢያችን አልፎ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር። ያለ እሷ ጩኸት የነጋ ቀን አላስታውስም።

ውድድሩ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ጓደኛዬ ለውትድርና ታፈሰ። ሆዮ ከገበያ ከሰል ገዝቶ እንዲመጣ ልካው፣ መታወቂያውን የትምህርት ቤት ሱሪው ኪስ ውስጥ ትቶ ወጥቶ ነበር። በማግሥቱ ሁርሶ ማሠልጠኛ ገብቷል አሉን። ኮሌጁ ተማሪዬ ነው ብሎ ጻፈ፤ መልስ አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከምልምሎቹ የተወሰኑት ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተጭነዋል የሚል ወሬ ተነዛ። እሱ ከተጫኑት ይሁን ከቀሩት የሚነግረን ሰው ጠፋ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆዮ መሳደቧን ተወች። "ልጄ እኮ ትሁት ነው። አንድ ቀን ቃሌን አልጣለም" ትላለች ለሚጠይቃት ሁሉ። ቃሏን በቀን ስንት ጊዜ ሲጥል የኖረ ልጅ! ሲከፋት ብታለቅስ፣ ብትራገም ይሻለኝ ነበር። ሰው እንዲህ የሚመሰገነው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስለሆነ ምስጋናዋን በሰማሁ ቁጥር ከግቢው እወጣ ነበር። አንድ ቀን "ሆዮ፣ እስቲ አንዴ ስደቢው" ልላት አስቤ ፈራሁ።

እኛም ያለ ግራ ክንፍ ሁለቴ ተሸነፍን። ከሁለተኛው ሽንፈት በኋላ አምበላችን ጸጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ መጣ። ለምን ብለን አልጠየቅነውም፤ ምልምል ሲገባ መጀመሪያ የሚላጨው ጸጉሩን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በማግሥቱ ቡድኑ በሙሉ ተላጨ። ከወጣት ማኅበር የመጣ አንድ ጓድ "ይህ ደግሞ የምን ምልክት ነው?" ብሎ አሰልጣኛችንን ጠየቃቸው። እሳቸው ፎጣቸውን ራሳቸው ላይ እየጨመቁ "ሙቀቱ ነው ጓድ፣ አይታይዎትም?" አሉት። ደጋግ ሰዎች እንዲህ አይነት ውሸት ሲዋሹ ያምርባቸዋል። ከዚያ በኋላ ምን እንደነካን እንጃ፣ ማሸነፍ ጀመርን። የመጨረሻው ጨዋታ ሲደርስ ዋንጫውን ለመውሰድ አቻ መውጣት ብቻ ይበቃን ነበር። ተጋጣሚያችን የማሠልጠኛው ቡድን ነበር፣ ጨዋታውም እዚያው ሁርሶ።

በጠዋት ስወጣ ሆዮ የግቢው በር ላይ ቆማ ነበር። ወተት በኩባያ ሰጥታኝ እስክጨርስ ጠበቀች። "ካየኸው..." አለችና ቀሪውን ሳትጨርስ ኩባያውን ተቀብላኝ ገባች።

በተለመነ የጭነት መኪና ሁርሶ ደረስን። ጸጉራችንን መላጨታችን ምን ጣጣ እንዳለው የገባን ያኔ ነው። ከመኪናው ዘለን ስንወርድ በር ላይ የነበረው ወታደር አየንና "ማነው ከሰልፍ ውጡ ያላችሁ? ተሰለፉ!" ብሎ ጮኸብን። እኛም ተሰለፍን! የተማረ ሰው እንደዚያ ሲደነግጥ አይቼ አላውቅም። ተከላካያችን "አቦ፣ እናቴን ተሰናበቱልኝ" ማለት ጀምሮ ነበር። አሰልጣኛችን በአንድ እጃቸው ኳስ፣ በሌላው ፎጣ እያውለበለቡ "የኔ ናቸው! ተማሪዎቼ ናቸው!" እያሉ ሮጠው ደረሱ። ወታደሩ ነገሩ ሲገባው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ውኃም አስመጣልን።

ሜዳ ስንገባ እነሱም የተላጩ፣ እኛም የተላጨን። ማልያው ባይኖር ማን ለማን እንደሚያቀብል አይታወቅም ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ ከኳሱ ይልቅ ፊት ስፈልግ ዋልኩ። ከዳር የተቀመጡትን ምልምሎችም በዓይኔ አሰስኩ። የለም። ዕረፍት ላይ አምበላችን አጠገቤ ተቀመጠና "አየኸው?" አለኝ። "አላየሁትም" አልኩት። ለሆዮ ምን ብዬ እንደምገባ እያሰብኩ ውኃዬን መሬት ላይ ደፋሁት። ወደ ሰሜን ሄዷል ብዬ ደምድሜ ነበር።

ጨዋታው ያለ ጎል ሊያልቅ ተቃርቦ ሳለ ተከላካያችን ከእነሱ አንዱን ጣለ፣ ቅጣት ምት ሆነ። ቅርብ ነበር። ግድግዳ እየሠራሁ "ወደ ቀኝ! ተጠጉ!" እያልኩ እጮሃለሁ። ከዕረፍት በኋላ ተቀይሮ የገባ አንድ ከሲታ፣ ፀሐይ ያከሰለው ልጅ ኳሱን አስተካከለ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ። የግራ ታኬታውን መፍታት ጀመረ።

ግድግዳውን ረሳሁት። ልጁ ቀና ሳይል ታኬታውን ወደ ጎን ዘረጋ። አምበላችንም፣ የግድግዳው ዋና ምሰሶ፣ ከቦታው ወጥቶ ሄደና ተቀበለው! ድሮ ሲያደርገው የኖረውን አደረገ፤ የማን ቡድን እንደሆነ ሳያስበው። ታኬታውን ደረቱ ላይ ይዞ እንደቆመ፣ እሱ በለቀቀው ክፍተት ኳሷ መጣች። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ብዘል እደርስባት ነበር ይሉኛል። ይበሉ። በግራ ጆሮዬ በኩል አልፋ መረቡ ውስጥ ስትገባ እየሳቅኩ ነበር።

"ሰክረሃል እንዴ?" ብለው አሰልጣኛችን ከዳር ጮኹብኝ። ከዚያ የልጁን ባዶ እግር አዩ። የኳስ ከረጢቱ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በፎጣው ሸፈኑ።

ፊሽካው እንደተነፋ ለመጨባበጥ ተሰለፍን። እኔ ጋ ሲደርስ እጄን ጠበቅ አድርጎ "ሆዮ እንዴት ናት?" አለኝ። ደህና ናት አልኩት። "ወዴትም አልሄድኩም በላት። ለቡድኑ ፈልገውኝ እዚሁ አስቀርተውኛል። ምግቡም ይበላል በላት።" ከዚያ ወደ አምበላችን ዞረና "አቦ፣ ታኬታዬን አምጣ እንጂ፣ ልትወስዳት ነው?" አለው። አምበላችን ታኬታውን ሲመልስለት እንባው እየወረደ ነበር። በጭነት መኪናው ላይ ስንመለስ ዋንጫ ያጡ ሳይሆን ዋንጫ የጫኑ ነበር የምንመስለው፤ ድምፃችን እስኪዘጋ እየዘፈንን ነው ከተማ የደረስነው።

ሆዮ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስገባ አልተነሣችም፤ ፊቴን ብቻ ታያለች።

"ተሸነፍን ሆዮ" አልኳት። "አንድ ለዜሮ። ያገባብኝ ልጅሽ ነው።"

ያልገባት መሰለኝና የነገረኝን ሁሉ ዘከዘክኩላት፤ ወዴትም አልሄድኩም ማለቱን፣ ምግቡ ይበላል ማለቱን። በመጨረሻ በቀስታ "በየትኛው እግሩ ነው የመታው?" አለችኝ።

"በግራው።"

"በጫማ?"

"አይ፣ ሆዮ። አውልቆ።"

ብድግ አለች። "አውልቆ!" አለች፤ ድምጿ ከስንት ወር በኋላ እንደ ድሮው ግቢውን ሞላው። "እዚያ እሾህ መሀል? ያ ጆሮ የሌለው! ያ ደንቆሮ! ጫማ የምገዛለት ለግመል ነው? ይምጣ ብቻ፣ ይምጣ ብቻ አሳየዋለሁ!" ጎረቤቱ ሁሉ ምን መጣ ብሎ ከየቤቱ ወጣ። እሷ በአንድ እጇ እንባዋን እየጠረገች በሌላው ቆርቆሮዋን እየደበደበች ትሰድበዋለች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩና እስክትጨርስ ሰማኋት። አልጨረሰችም፤ እራት ቀርቦም እየሰደበችው ነበር።

ከዓመት በኋላ ጓደኛዬ ተመልሶ መጣ። እሷም "አሳየዋለሁ" ያለችውን አልረሳችም።