ሳሊሀ ሳታይ የፈረመችው ለውጥ

ሳሊሀ ጅማ ገበያ አጠገብ ስልክ ትጠግናለች። ኮሌጅ ደጃፍ አልረገጠችም። ግን የኮምፒውተር እምብርት የሆነውን ከርነልን በራሷ ተምራ፣ ትንንሽ ማሽኖችን ለሚያንቀሳቅሱ ቦርዶች ከየአገሩ የሚላከውን የኮድ ለውጥ ትመረምራለች። ደመወዝ የለውም። ካየችው ሥር «መርምሬዋለሁ» ብላ ስሟን ታኖራለች፤ ሌላው ስሟን አምኖ ያልፋል።

በዚህ እምነት ላይ ቀለደች።

ቦርድ ላይ እያንዳንዱ ክፍል የሚሠራበት የራሱ ምት አለው፤ ክሎክ ይሉታል። ማሽኑ ክሎኮቹን የሚጠራቸው በተራ ቁጥራቸው ነው። አንዱ ብልጥ አዲስ ክሎክ ዝርዝሩ መሃል ላይ ሰነቀረ፤ ከሥሩ ያሉት ሁሉ ቁጥራቸው ተዛነፈ። ሳሊሀ ጠረጴዛዋ ላይ ባለው አዲስ ቦርድ ሞከረችው፤ ሠራ፤ ፈረመች። በድሮው ቁጥር የሚጠራው የድሮው ቦርድስ? ማን አስቦት!

የነቃችው ሊሙ ገነት ነው። በድሮ ቦርድ የሠራችውን የቡና ማድረቂያ ልታይ አዴ ፈድሊያ የሚመሩት የቡና ማጠቢያ ሄዳ ነበር። አንድ የማኅበሩ አዲስ አባል መጥቶ፣ መዝገቡ ላይ ከወንድሜ ሥር ይጻፉኝ ይላል።

«መሃል ካስገባሁህ የሁሉም ቁጥር ይዛባል» አሉት አዴ ፈድሊያ። «ቁጥሩ ጆንያቸው ላይ ተጽፏል። መጨረሻ ቁም።»

መፍቻው ከሳሊሀ እጅ ወደቀ፤ ክሎኩም የገባው መሃል ነው።

ለውጡ ለዓለም ሊለቀቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ተሳስቻለሁ፣ ይሻር ብላ ጻፈች። የከርነሉ ኃላፊ፣ መርምሬዋለሁ ያልሽው አንቺው ነሽ፤ የድሮው ቦርድ ላይ መበላሸቱን አሳዪ አላት። ምን ይዋጣት? እጇ የሚደርሰው የድሮ ቦርድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እዚያው፣ እርጥብ ቡና በሞላው ማድረቂያ ውስጥ።

«አዴ ፈድሊያ፣ ማድረቂያውን ሆን ብዬ ላቆመው ነው።»

«ዝናቡ አይታይሽም?»

«ይታየኛል። ዛሬ ካላሳየሁ ግን በየአገሩ ስንት እንዲህ ያለ ማሽን ይቆማል፤ ምክንያቱንም የሚያውቅ የለም።»

«ሳታዪ ነው የፈረምሽው?»

«አዎ።»

«ወላሂ፣ የሰው ስልክ እንኳ ስትጠግኚ ከፍተሽ ታያለሽ።» ዘወር ብለው መንገድ ለቀቁላት።

አዲሱን ከርነል ጫነች። ማራገቢያው ቀጥ አለ። በስልኳ ቀርጻ፣ ቪዲዮ የሚያስተላልፍ ኔትወርክ ፍለጋ በዝናብ ዳገቱን ወጥታ ላከችው። የድሮውን ልትመልስ ስትወርድ መብራት ጠፍቷል። የመጣው በማግስቱ ነው። የማድረቂያውን በር ሲከፍቱት የሻገተው ቡና ሽታ አፍንጫ ሰነፈጠ።

ቅዳሜ ለውጡ ተሻረ። ከርነል ውስጥ ግን የተጻፈ አይፋቅም፤ መሻሩ ከላይ ይጨመርበታል እንጂ። «መርምሬዋለሁ» የሚለው ከነስሟ እዚያው አለ።

አርባ አንድ የቡናው ባለቤቶች ግቢው ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ። አዴ ፈድሊያ መዝገቡን አስጨበጧት።

«አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ሳሊሀ መዝገቡን ገለጠች። ቁጥር አንድ ብላ ጠራች።