በአያቴ አውራ ጣት ላይ የሚታሰረው ክር

አያቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ከቡራዩ በላይ፣ ጣሊያን በሠራው ግድብ ላይ፣ ትንሿን ጀልባ እየቀዘፉ መንጠቆ ያለበትን ረጅም ክር ከኋላ ይጎትቱ ነበር። እጃቸው መቅዘፊያ ስለሚይዝ የክሩን ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት ላይ ይጠመጥሙታል። ዓሣ ሲይዝ በዚያ ያውቃሉ። «እኔ ብተኛ እንኳ እግሬ አይተኛም» እያሉ ያስቁኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሳለሁ ክሩ ተወጠረ። እሳቸው ግን ዝም ብለው ይቀዝፋሉ። ክሩ ጣታቸውን ቆርጦት ደሙ ይወርዳል።

«አባባ፣ እግርዎ!»

ጎንበስ ብለው አዩት። ጣታቸውን ቆነጠጡት፤ ደግመው ቆነጠጡት።

«ከመቼ ወዲህ ነው የማይሰማዎት?»

«ከክረምት ወዲህ። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ከሰማች ጀልባዬን ታስሸጠኛለች።»

አልነገርኳትም። ቁስሉ አልድን ብሎ እግራቸው እስከ ጉልበት ጠቆረ። ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው ዘግይታችኋል ተባልን።

ጀልባዋ አሁን ዳር ላይ ተደፍታለች፤ የሚነካት የለም።

ለቅሶ ላይ ጎረቤቶች እናቴን፣ «ምነው ኦቦን ቀደም ብላችሁ ብታሳክሟቸው?» ሲሏት፣ «መች አወቅንና!» እያለች ስታለቅስ አጠገቧ ነበርኩ። በአፌ መናገር ስላቃተኝ ጻፍኩት።

እማዬ፣ እኔ አውቅ ነበር።