ራሴ በቀባሁት መስመር ላይ መኪና አቆምኩ

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ሰይድ በእኔ ጥፋት ከብስክሌታቸው ወደቁ።

አቃቂ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ ጎረቤቴ ናቸው፤ በዚህ ዕድሜያቸው ሱቃቸው የሚመላለሱት በብስክሌት ነው። ወረዳው በጀት የለኝም ሲለን የሰፈሩ ሰዎች ለቀለም አዋጥተን የመንገዱን ዳር ለእግረኛና ለብስክሌት ቀባን። መኪና የሚያቆምበትን ሁሉ ስቆጣ የከረምኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ዳቦ ልግዛ ብዬ እዚያው አቆምኩ። ለአንድ ደቂቃ ብቻ! (የባለመኪና አንድ ደቂቃ መቼም አያልቅም።)

ጋሽ ሰይድ መኪናዬን ሊያልፉ ወደ አስፋልቱ ሲወጡ ሚኒባስ ከኋላቸው ጡሩምባ ነፋ፤ ደንግጠው ወደቁ። ክርናቸው ደማ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ መኪናዋ የኔ ናት" አልኳቸው እያነሳኋቸው።

"አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አትርፎኛል።"

መኪናዬን ከመስመሩ አውጥቼ፣ ብስክሌቱን እየገፋሁ ሱቃቸው ድረስ ሸኘኋቸው። ልጃቸው ክርናቸውን ስታይ "አባዬ፣ ከእንግዲህ ብስክሌት የሚባል ነገር የለም!" ብላ ብስክሌቱን ጓዳ ከተተችው።

እሳቸው ስሜን አላነሱም። እኔም ጥፋቱ የኔ መሆኑን ሳልነግራት ወጣሁ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ተመልሼ እውነቱን ልነግራት ነው፤ በእግሬ።

ሌላውን በምትቆጡበት ነገር ራሳችሁ ተገኝታችሁ የምታውቁ እስቲ ጻፉልኝ። ዛሬ ለብቻዬ ከብዶኛል።