የሰዓዳ ወይንና የጥር ከብቶች

ጠዋት፣ ኮምቦልቻ

ከቤት ስወጣ በእጄ የያዝኩት ባዶ ጆንያ ብቻ ነበር። ልጄ ሰዓዳ የመንግሥት ሥራዋን ትታ፣ ከሚሴ አጠገብ ጨፋ ሸለቆ ባለው በአባቴ መሬት ላይ ወይን ከተከለች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ዕቃዋን በጆንያው ጠቅልዬ እሷንም ይዤ ልመለስ ቆርጫለሁ።

ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ አገር ማሽላ ከታጨደ በኋላ ማሳ የሁሉም ከብት ነው፤ አጥሮ መከልከል ነውር ነው። የአባቴ የሎሚ ችግኞች በአንድ የጥር ጠዋት ተበልተው ሲያልቁ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔን ፊደል ያስተማረኝ የለም፤ የስፌት መኪናዬ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግቼ ራሴ ለየሁት። የተማረ ሰው እያወቀ ሲሳሳት አልታገሥም።

ረፋድ፣ በመንገድ

ሐርቡን ስናልፍ ሙቀቱ በረታ፤ ኮቴን አወለቅሁ። በሚኒባሱ መስኮት የሚታየው የታጨደ ማሳ ሁሉ ከብት ፈስሶበታል። «አበቃላት» አልኩ በልቤ። ከሚሴ ወርጄ በሁለት ሳምቡሳ ሻይ ጠጣሁና መንገዱ እስኪያልቅ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ።

ቀትር፣ ማሳው ላይ

ከብቱ እስከ ሰዓዳ ማሳ ጫፍ ሞልቶ እዚያ ቆሟል። ዙሪያውን ከሰው የሚረዝም የዝሆን ሳር እንጂ አጥር የለም። ከሳሩ ጀርባ ወይኑ በሽቦ ላይ ተዘርግቶ፣ ጥቁር ዘለላው ተንዠርግጓል። አንድ በሬ አፉን ወደ ሳሩ ሲሰድ አንድ ሽማግሌ በዱላ መለሰው። የልጅነት ጎረቤታችን ሁሴን ነው።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሼ ሁሴን?» ብዬ በኦሮምኛ ደኅንነቱን ጠየቅሁ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ! ሰይዶ፣ ጆንያው ምንድን ነው? ወይን እኮ በጆንያ አይጫንም!»

«ከብቶችዎ ለምን አልገቡም?»

«ጠዋት ጠዋት ሳሩን አጭዳ ታድለናለች። ሳሯን እየበላሁ ወይኗን ላስበላ? እንኳን እኔ በሬዬም ያፍራል!»

ሰዓዳ መቀሷን እንደያዘች መጥታ እጄን ሳመች።

«አምና ሁለት ረድፍ ተበልቶብኝ ነበር፣ አባባ። የሳሩ ነገር የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹ብዬሽ ነበር› ይሉኛላ!»

ሁሴን ሳቀ። እውነቷን ነው፤ እላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከደሴ አንድ የጭማቂ ቤት ባለቤት በፒክአፕ ሳጥን ጭኖ መጣ። ፍሬውን ቀምሶ «ያለውን ሁሉ ቁረጪልኝ» አላት።

«ያልበሰለውን አልቆርጥም። ወይን ከተቆረጠ ወዲያ አይበስልም። ሐሙስ ይመለሱ።»

ለመናት፣ ተቆጣ፣ መልሶ ለመናት። ፍንክች አላለችም። የበሰለውን ብቻ ጭኖ ሐሙስ ሊመለስ ቃል ገብቶ ሄደ። ያን ግትርነት ከማን እንዳመጣችው አውቃለሁ፤ አንገቴ ቀና አለ።

በማግስቱ፣ መመለሻ

በማለዳ ማጭድ ተቀብያት ሳር አጨድኩ፤ በጆንያዬ ሞልቼ ተሸክሜ ለሁሴን ከብቶች ወሰድኩ። ስመለስ ላብ በላብ ሆኜ አንድ ነገር ገባኝ። የአባቴን ሎሚ ያጠፋው ከብት ብቻ አይደለም። እኛ ለራሳችን ስንተክል ለጎረቤት ከብት ያሰብነው ጉርሻ አልነበረም። ይህን ያስተማረችኝ ልመልሳት የሄድኩት ልጄ ናት።

ሰዓዳ የሰጠችኝን አንድ ካርቶን ወይን ታቅፌ ኮምቦልቻ ስገባ ባለቤቴ በር ላይ ቆማለች።

«ሰዓዳስ? ጆንያውስ?»

«ሁለቱም ሥራ ላይ ናቸው» አልኳት።