የአርኖልድ ሳል

ዊልፍ ቡትሮይድ የጡብ ኩሬውን ውሃ ሳይኖረው ጀምሮ ያውቀዋል። ሲናገረው ጉራ ይመስላል እንጂ እውነቱን ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ጡብ ፋብሪካ ሲቀጠር ቦታው ጭቃ የሚወጣበት ጉድጓድ ነበር፤ ከቆፋሪዎቹ አንዱም እሱ ነው። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ውሃ የሚመጥጠው ፓምፕ ቆመ፣ ጉድጓዱ በሁለት ዓመት ውስጥ ጢም ብሎ ሞላ። የአጥማጆች ክበቡ ዓሣ ጨመረበት፣ ዳር ዳሩን ቁጥር የተጻፈባቸው ችካሎች ቸከለበት፣ የሰፈሩ ጡረተኛም ማክሰኞ ማክሰኞ ዘንጉን ተሸክሞ የሚመጣበት ሆነ። የጭቃ ጋሪዎቹ ሐዲድ በየት በኩል እንዳለፈ፣ ገደሉ ከየት እንደሚጀምር ዊልፍ ዛሬም ዓይኑን ጨፍኖ ይነግርሃል። ዓሣው የሚውለው ደግሞ እዚያው፣ ሐዲዱ ያለፈበት እርከን ላይ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቀ ግን ሰሌዳዋን አንድ ቀን ቤቱ አስገብቷት አያውቅም። ሰሌዳዋ ቴንች የሚባለው አረንጓዴ፣ ዓይነ ቀይ ዓሣ የተቀረጸባት ቁራጭ እንጨት ናት፤ ለማገዶ ብትሰጥ ሻይ አታፈላም። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባሉት ሃያ ማክሰኞዎች ማታ ማታ ዓሣው እየተመዘነ ከሚሰጠው ነጥብ ብዙ የሰበሰበ ሰው የብርዱን ወራት ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅላታል። አሥራ አንድ ጊዜ የሰቀላት አርኖልድ ታስከር የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር የነበረ ሰው ነው፤ ሰውነቱ ትልቅ፣ ወሬው ትንሽ። ዊልፍ ዘጠኝ ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል። ዘጠኝ ጊዜ አጨብጭቦ፣ ዘጠኝ ጊዜ እያረረ ቤቱ ገብቷል ማለት ነው።

በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ የዊልፍ ዓይን ከዳው። ዳር ዳሩን ያያል፤ በሩን፣ መንገዱን፣ የሰውን ቁመና ይለያል። ትክ ብሎ ያየው ነገር ግን መሐሉ ይጠፋበታል። ሐኪሟ የሄደው አይመለስም አለችው። መኪናውን ሸጠና "ሞተሩ ሞተ" ብሎ አወራ፤ ስለ ዓይኑ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም ቢቀሩበት ግድ አልነበረውም። የፈራው ለተንሳፋፊው ነው።

ተንሳፋፊ ከጣዎስ ላባ አገዳ የምትሠራ፣ ክሩ ላይ ታስራ ውሃው ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም ናት። ከታች ዓሣው መንጠቆውን ሲጎርስ ጫፏ ትጠልቃለች፤ ያኔ ዘንጉን ቀጭ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ነው። ጫፏ ከክብሪት ራስ አትበልጥም፤ እሷን ያላየ አጥማጅ አለቀለት። ሰዎቹ ይህን ካወቁ ደግሞ "አንተ ይቅርብህ፣ ሻይ አፍላልን" እንደሚሉት ዊልፍ ያውቃል፤ ከዚያስ ሞቱን ይመርጣል። ስለዚህ የተንሳፋፊዎቹን ጫፍ በብርቱካናማ ቀለም ደጋግሞ ቀባ፣ ቀባ፣ አውራ ጣት እስኪያክሉ ድረስ። እንዲያም ሆነው አላያቸውም።

"ይሄ ተንሳፋፊ ነው ወይስ ካሮት?" አለ አርኖልድ በመጀመሪያው ማክሰኞ።

"አንተ ያንተን ጠብቅ" አለው ዊልፍ።

ቦታ የሚገኘው በዕጣ ነው። የክበቡ ጸሐፊ ብሬንዳ ከረጢት ይዛ ትዞራለች፤ የደረሰህ ቁጥር ላይ ትቀመጣለህ። አርኖልድ ግን በዚያ ዓመት ዕጣውን ከሰው ጋር እየተለዋወጠ ሁልጊዜ ከዊልፍ በስተግራ መጥቶ ዘፍ ይላል። ይባስ ብሎ "መኪናህ ከሞተ በኔ ቫን እንሂድ" አለውና ጧት ጧት ከደጁ ይወስደው ጀመር። ዊልፍ ነገሩ የገባው መሰለው። ሰውዬው የእርከኔን ምሥጢር ሊመነትፈኝ ነው ብሎ ደመደመ፤ ቢሆንም ሌላ የሚወስደው አልነበረምና ዝም ብሎ ተሳፈረ።

ከዚያ ያልታሰበ ነገር መጣ። ዊልፍ ዓሣ ያወጣ ጀመር፣ ያውም ከወትሮው አብልጦ። ትሎቹን መንጠቆው ላይ በጣቱ እየዳሰሰ ይሰካል፣ ክሩን ወደ እርከኑ ይጥላል፣ ይጠብቃል። ድንገት ክንዱን አንድ ነገር ውር ይለዋል፤ ቀጭ ሲያደርግ ዓሣ። አርባ ዓመት ያጠመደ ክንድ ዓይን አያስፈልገውም ለካ፣ አለ ለራሱ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ያስቸገረው የአርኖልድ ሳል ብቻ ነበር።

"እህ!" ይላል አርኖልድ በስተግራው። የዊልፍ ክንድ ውር ይላል፣ ዓሣ ይወጣል።

"ደረትህን ታየው እንጂ አንተ ሰው። ዓሣውን እኮ ታባርርብኛለህ።"

"አቧራ ነው።"

"ውሃ ዳር ተቀምጠህ ከየት የመጣ አቧራ?"

ዊልፍ ከሱቅ አንድ እሽግ የሳል ከረሜላ ገዝቶ በሚቀጥለው ማክሰኞ ሰጠው። አርኖልድ አመስግኖ ተቀበለ። ሳሉ አልቆመም። ዊልፍም እልከኛ ስለሆነ በየሳምንቱ አንድ አንድ እሽግ ያመጣለት ጀመር።

ሐምሌ ሲገባ ዊልፍ መሪ ሆነ። ያኔ አፉን ማን ይያዘው። "ምነው አርኖልድ፣ ዓሣው አኮረፈህ?" ይላል። "ይህን ኩሬ በአካፋ የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ያኔ ገና አውቶቡስ ላይ ትኬት ትቆርጥ ነበር" ይላል። አርኖልድ "ይሆናል" ብሎ ሻዩን ይጠጣል፤ የሚያወጣው ዓሣ ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ ሄደ። ነሐሴ ላይ ዊልፍ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከሰዓቱ ጎን፣ ሚስማር መታ። ሰሌዳዋ እስክትመጣ ኮፍያውን ሰቀለበት።

በአሥራ ስምንተኛው ማክሰኞ አርኖልድ እህቱ ዘንድ ስካርብራ ከተማ ሄዶ ቀረ። ዊልፍን ብሬንዳ አመጣችው፤ በስተግራው የተቀመጠችውም እሷ ናት። ሰላም የሰፈነበት ጧት ነበር፣ ሳል የለ፣ ምን የለ። ዊልፍ ክሩን ጥሎ ጠበቀ። ክንዱ ዝም አለ።

"ዊልፍ፣ ሆዴ፣ ተንሳፋፊህ ጠልቋል እኮ" አለች ብሬንዳ።

ቀጭ አደረገ። መንጠቆው ባዶውን መጣ።

ትንሽ ቆይታ ደግማ ነገረችው።

"በደንብ እንዲውጠው እየጠበቅኩ ነው" አላት።

ብሬንዳ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ራሷ ዘንግ ዞረች። ማታ ላይ ሚዛኑን ይዛ ስትመጣ በዊልፍ መረብ ውስጥ የነበሩት ለድመት ቁርስ የማይበቁ አራት ዓሦች ናቸው። "የምሥራቅ ነፋስ ነው" አላት። ልቡ ግን ፈርቷል፤ ክንዱም እንደ ዓይኑ የከዳው መሰለው።

በሳምንቱ አርኖልድ ተመለሰ። "እህ!" አለ፤ ዓሣ መጣ። "እህ!" አለ፤ ሌላ ዓሣ። ዊልፍ ክንዱ ስለተመለሰለት ተደሰተ። እኩለ ቀን ላይ አርኖልድ አንድ ዓሣ ይዞ መንጠቆውን አልለቅ አለውና ጠራው፦

"ማውጫዬን ከሳጥኔ አቀብለኝ፣ እጄ አልደርስ አለኝ።"

ዊልፍ ሄደ። ሳጥኑን ከፍቶ እጁን ሰደደ። ቀጭኑን የመንጠቆ ማውጫ ሲፈልግ ጣቱን አራት ማዕዘን ነገር ነካው። አንዱን ዳሰሰ፣ ከሥሩ ሌላ አለ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። የበጋው የሳል ከረሜላ በሙሉ እዚያ ነው። አንዱም እሽግ አልተከፈተም።

ማውጫውን አቀበለው፣ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ክሩን ጣለ። "እህ!" ሲል ሰማ። እጁን አላነቃነቀም። "እህ፣ እህ!" አለ ሳሉ፣ አሁን ጠንከር ብሎ። ዊልፍ ክሩን ስቦ መንጠቆውን ዳሰሰው። ትሎቹ ተበልተዋል።

ሙቀት ከእግሩ ተነስቶ ጆሮው ድረስ ወጣ። አፈረ፤ በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። ያ ሁሉ ተረብ፣ ያ ሁሉ ደረት መንፋት ፊቱ ላይ ድቅን አለ። ከሁሉም ያቃጠለው ግን ሌላ ነው። አርኖልድ በጋውን ሙሉ ዓይኑን የዊልፍ ተንሳፋፊ ላይ ከተከለ የራሱን ማን ሲያይለት ኖረ?

የቀረው አንድ ማክሰኞ ነበር። ዊልፍ አርኖልድን በሁለት ነጥብ ይመራል። አፉን ቢይዝና ለሳሉ አንድ ቀን ብቻ እጁን ቢያነሳ ሰሌዳዋ የሱ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ይህንኑ ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመ። ፈልጓታል፤ አልፈለግኩም ቢል ይዋሻል።

በመጨረሻው ማክሰኞ አርኖልድ እንደ ልማዱ ዕጣውን ተለዋውጦ በስተግራው ተቀመጠ። ዊልፍ ከክሩ ላይ ተንሳፋፊዋን ፈትቶ ሳጥኑ ውስጥ ከተታት። በምትኩ ክሩን ወደ ታች የሚያሰጥም ትንሽ የእርሳስ ብረት አሰረ። ክሩን ወደ እርከኑ ወርውሮ፣ እርሳሱ ታች ሲያርፍ፣ ክሩን ወጠር አድርጎ በሌባ ጣቱ ላይ አሳለፈው። ሲያጣጥለው የኖረው የሰነፍ አጠማመድ ነው ይሄ። ብዙም ሳይቆይ ክሩ ጣቱን ላጥ አደረገው። ቀጭ ሲያደርግ ቴንች።

አርኖልድ ውሃውን ሲቃኝ ቆይቶ ጠየቀ፦ "ተንሳፋፊህን አጣኋት። የት ናት?"

"ሳጥን ውስጥ።"

"ለምን?"

"ስለማላያት። አንተም ታውቃለህ።"

አርኖልድ ውሃውን ማየት ተወ። ወደ ዊልፍ ዞሮ ያየዋል፣ ዊልፍም ይህን በዓይኑ ጠርዝ ለየ። በዚህ መሐል ዊልፍ ከአርኖልድ በኩል እንጨት ብረት ላይ ሲፋቅ ሰማ፤ ዘንግ ከማስደገፊያው ሲንሸራተት ነው እንዲያ የሚለው።

"እህ!" አለ ዊልፍ።

አርኖልድ ደነገጠ።

"ዘንግህ፣ አንተ ጅል!"

አርኖልድ ዞረ። ዘንጉ አፍንጫውን ደፍቶ ወደ ኩሬው እየገባ ነው፤ ጭራው ሊያመልጥ አንድ ስንዝር ሲቀረው ተወርውሮ በሁለት እጁ ያዘው። አሥራ አንድ ፓውንድ የሚመዝን፣ ካርፕ የሚሉት ትልቅ ዓሣ ነበር። ሩብ ሰዓት ታገለው፤ ዊልፍም ከጎኑ ተንበርክኮ "አትቸኩል፣ ክር ልቀቅለት፣ ሐዲዱ ጋ እንዳይገባብህ" እያለ መቀበያውን መረብ ያዘለት።

ሚዛኑ ዘንድ ሲደርሱ ዊልፍ ሰዎቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ተናገረ። ከሚያዝያ ጀምሮ ተንሳፋፊ አይቶ እንደማያውቅ፣ አርኖልድ እያሳለ ሲነግረው እንደኖረ፣ ነጥቡንም ሊሰርዙበት እንደሚችሉ። ብሬንዳ መነጽሯን አወለቀች።

"ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለ ሳል የሚል ነገር የለበትም" አለች፤ ከዚያ ካርፑን መዘነች። አርኖልድ በአንድ ነጥብ በለጠ። ዊልፍ ለአሥረኛ ጊዜ ሁለተኛ ወጣ፣ አጨበጨበም።

በአርኖልድ ቫን ወደ ቤት ተመለሱ። ሰሌዳዋ በመሐላቸው ነበረች።

"በኔ ምክንያት ስንት ዓሣ አመለጠህ?" አለ ዊልፍ።

"አልቆጠርኩም።"

"ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

አርኖልድ ማርሽ ቀየረ። "ብነግርህ በሚቀጥለው ማክሰኞ ትመጣ ነበር?"

ዊልፍ አሰበበት። "አልመጣም ነበር" አለ።

ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ የአርኖልድን ሳጥን ከፈተ፣ አንድ እሽግ ቀደደ፣ ከረሜላውን ልጦ አቀበለው። አርኖልድ መንገዱን እያየ ጎረሰውና ፊቱን ጨማደደ።

"በጋውን ሙሉ ይሄን ልታጎርሰኝ ነበር?"

"ምጠጠው። ካሁን በኋላ ሳል አልፈልግም።"

አርኖልድ ዊልፍ ቤት ደጃፍ እስኪደርሱ ድረስ መጠጠው።